አር አሥራ ሰባት

ከማሪትሳ ማዶ፣ በድሮው ካልሲ ቤት፣
መስኮቱ ሥር ነው ወንበሬ ያለበት።
አጉሊ መነጽሬን ቅንድቤ ላይ ሰክቼ፣
የጥድ ሙጫ ጢሱን በሻሼ መክቼ፣
ከፊቴ የሚያልፈውን አያለሁ አንድ በአንድ፤
አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በላዩ የመዳብ መንገድ።

ከመዳፍ አይሰፋም፤ ከጫማ ይረክሳል፤
ሳጥን የለው፣ ክዳን የለው፣ እርቃኑን ይደርሳል፣
ኮምፒውተር ነው ብሎ ላዘዘው ጎረምሳ፣
ቀፎው በበረደው ቁጥር ከእንቅልፉ ለሚነሳ
ንብ አርቢ መምህር።

ገመድ እሰካለሁ፤
እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፤
ቀይዋ መብራት ጥቅስ ካለች "እለፍ" እለዋለሁ።
በቀን ሁለት መቶ።
ማታ ዓይኔን ስከድን ጥቅሻዋ ይቀራል ከሽፋሽፍቴ ሥር ተኝቶ።

ንድፉን የሚነድፈው ስታሜን ይባላል፤
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ይሥላል።
እርሳስ ጆሮው ላይ ነው፤ ሻዩን ይረሳዋል፤
ስለ ድሮ ሲያነሳ ድምፁ ያንስበታል፦

"ልጅ ሳለሁ፣ ራትካ፣ ሌላ ፋብሪካ ነበር፤
የሰው ቺፕ ገልብጠን 'የኛ ነው' ስንል፣ ስንከበር።
የኔ ድርሻ መፋቅ፤
በብርጭቆ ወረቀት ጀርባው ላይ ያለውን ስም ማድቀቅ፣
ጥቁር ካሬ እስኪሆን፣ ወላጅ እንደሌለው፤
ማን ሠራህ ቢሉት መልስ የማይኖረው።
ስምንት ዓመት ፋቅሁ" አለና አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ፤
ልስልስ ነው፤ አሻራም ያለው አልመሰለኝ።

አሁን ግን እግር ሁሉ ስም አለው በነጭ ቀለም፤
ያልተጻፈለት ቀዳዳ አንድም የለም።
ንድፉም አደባባይ ነው፣ ከነመስመሩ፣ ከነቁጥሩ፤
ውሰዱት፣ ለውጡት፣ ከፈለጋችሁም ቸርችሩ።
"ይገለብጡናል!" ሲል ሥራ አስኪያጁ ተቆጥቶ፣
ስታሜን ሳቀበት ጥርሱን አውጥቶ፦
"ገልብጬ አውቃለሁ፤
ከመገልበጡ ይልቅ መደበቁ ነው ያደከመኝ፣ እምልልሃለሁ።"

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ፣ ከቺሎዌ ደሴት፣
ከቺሊ ጫፍ፣ ዝናብ ቤተኛ ከሆነበት።
ኤሊሴዎ ዌንቹር፣ የባሕር ዛጎል አርቢ፣
እንዲህ ይላል፦

"የባሕሩን መሙላት መጉደል በናንተ ሰሌዳ እለካለሁ፤
በማርማላታ ጠርሙስ አሽጌ ከምሰሶ አስሬዋለሁ።
ገመዱ ሲረዝም ግን ቁጥሩ ይዋሻል።
ንድፋችሁን ከፍቼ አየሁ፤ አር አሥራ ሰባት ይበዛል።
አሥር ሺህ ኦም ያላችሁት አራት ሺህ ሰባት መቶ ይሁን፤
ቀይሬ አሥራ ሁለት ሌሊት ጠበቅሁት፤ አልዋሸኝም እስካሁን።
ሰላምታ ለሁላችሁ። እዚህ ይዘንባል።"

ስታሜን ሦስቴ አነበበው። ቀላ። ኋላም ገረጣ።
ኮቱን ሳይቆልፍ ወደ ወንዙ ወጣ።
መጋዘን ውስጥ ስምንት መቶ ስሕተት ተደርድሯል፤
"አለቀለት" አልን፣ "በዚህ ዕድሜው ይህ ይከብዳል።"

ሲመለስ ትከሻው በረዶ ለብሷል፤
እርሳሱን ከጆሮው ስቦ፣ ከጎኔ ቆሟል።
"የሰውየውን ስም" አለኝ "እንዴት ነው የሚጽፉት?
በ'ዌ' ነው ወይስ በ'ሁዌ' የሚጀምሩት?"

ስምንት መቶውን በእጄ ነቀልሁ፤ በእጄ በየድኩ፤
ወገቤን ረገምሁ፤ ዛጎሉንም፣ ባሕሩንም ሰደብኩ።
ከዚያ አዲሱ ዕትም መጣ።
ከአር አሥራ ሰባት ግርጌ፣ ከሩዝ ፍሬ ባነሰች ቦታ፣
ዌንቹር ይላል።

መልኩን አላውቀውም። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ግን ያልፋል በፊቴ፤
ነጩ ቀለም ከፍ ያለ ነው፤ ይታወቀዋል ለጣቴ።

ስታሜን አንዳንድ ማታ፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል ይመጣል፤
አውራ ጣቱን ስሙ ላይ ያስኬዳል፤ ይመልሳል፤
ልስልስ ነው ጣቱ፤ አይሰማውም።
"ራትካ፣ አንቺ ንኪልኝ" ይላል። "አለ?"

"አለ።"